የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ስለሚቀመጥበት አልበም አሠራርና አጠባበቅ

በአገራችን እንግዳ ገብቶ ከተቀመጠና ቡናው እስኪፈላ ድረስ ጨዋታው ጥቂት ቀዝቀዝ ያለ እንደ ሆነ፥ የቤቱ እመቤት ከቁም ሣጥን ውስጥ አልበም አውጥታ ለእንግዳው ማቅረቧ የታወቀ ልማድ ነው። እንግዳውም የባለቤቶቹን የሠርግ ቀን፥ የልጆቹን ክርስትና፥ ካባ ለብሰው የቆሙትን አያት እያገላበጠ ያያል፤ ይህ ማን ነው እያለም ይጠይቃል። ከዚህ የተነሣ አልበም በብዙ ቤት እንደ ቡና ዕቃ ሁሉ የእንግዳ መቀበያ ሆኗል ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ እንደ ንብረት ቈጥሮ የሚጠብቀው ሰው ጥቂት ነው። የወርቅ ጌጥ ቢጠፋ በገንዘብ ይተካል፤ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው የአያት ፎቶግራፍ ግን ከተበላሸ የሚተካው ምንም የለም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፎቶግራፉን የሚያጠፋው ለመጠበቂያ ተብሎ የተገዛው አልበም ራሱ መሆኑ ነው። ስለዚህ ነገር ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ልንናገር ወደናል። የምናመለክታቸውም ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸው ይታወቅልን።

አባቶቻችን መጽሐፍን ለማቈየት የነበራቸውን ጥንቃቄ ብንመለከት ትምህርት እናገኝበታለን። ብራናው የፍየል ቆዳ ሆኖ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፥ ተፍቆና ደርቆ ይዘጋጃል፤ ጥቍሩ ቀለም ከጥላሸት ይቀመማል፤ መጽሐፉ በሁለት የእንጨት ገበታ መካከል ተጠርዞ ከቆዳ በተሰፋ ማኅደር ውስጥ ይገባና በማንገቻው ከግድግዳ ይሰቀላል። በዚህም ከመሬት ርጥበት፥ ከአይጥና ከምስጥ፥ ከብርሃንም ይድናል። በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች በሳይንስ በተመረመሩ ጊዜ ብራናቸው በ4ኛውና በ7ኛው መቶ ዓመት መካከል የተዘጋጀ መሆኑ ታውቋል። እንግዲህ ይህን ያህል ዘመን የቈየ ጽሕፈት ባለበት አገር፥ በ1970ዎቹ የተነሣ የሠርግ ፎቶግራፍ ዛሬ ቢጫ ሆኖ የሚገኘው ስለ ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

ምክንያቱ ከወረቀቱ ይጀምራል። ቀድሞ በአውሮፓ ወረቀት የሚሠራው ከአሮጌ የተልባ እግርና የጥጥ ጨርቅ ስለ ነበረ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠንክሮ ይኖር ነበር። በ1807 ሞሪትዝ ኢሊግ የሚባል ጀርመናዊ ቀለም በወረቀት ላይ እንዳይሰርግ በዛፍ ሙጫና አሉም በሚባል ጨው የማዘጋጀትን ዘዴ አሳተመ። በ1840ዎቹም ፍሪድሪክ ኬለር የተባለ ሌላ ጀርመናዊ እንጨት እየፈጩ ወረቀት ማድረግን አገኘ። ከዚህ በኋላ ወረቀት ረከሰ፥ ጋዜጣም በየአገሩ በዛ። ነገር ግን አሉሙ ውሎ ሲያድር አሲድ ያመጣል፥ አሲዱም የወረቀቱን ጭረት እየበጣጠሰ ያደቀዋል፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን የሚባለው ነገር ደግሞ ብርሃን ሲያገኘው ይበልዛል። ጋዜጣ በመስኮት አጠገብ ጥቂት ሳምንት ጥሎ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። በአሜሪካ በቨርጂኒያ ዊሊያም ባሮው የተባለ የመጻሕፍት ጠጋኝ በ1959 ባሳተመው ጽሑፍ፥ ከ1900 እስከ 1949 የታተሙ 500 መጻሕፍትን መርምሮ አብዛኞቹ ከ50 ዓመት በላይ እንደማያገለግሉ አስታወቀ። የአሲድ ክፋቱ በበቀለበት ወረቀት ላይ ብቻ አለመቅረቱ ነው፤ ከአጠገቡ ወደ ተቀመጠው ፎቶግራፍም ይሻገራል።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ከ1960ዎቹ ጀምሮ በዓለም ሁሉ የተሸጠው ባለሙጫ አልበም ነው። ገጹ ወፍራም ካርቶን ሆኖ በላዩ የሙጫ መስመር ተስሎበታል፥ ከላይም የሚያሳይ ፕላስቲክ ይሸፍነዋል፤ ፕላስቲኩን ገልጦ ፎቶግራፉን አስቀምጦ መልሶ መጫን ነው። ሥራው ቀላል ስለ ሆነ ሰው ሁሉ ወደደው፤ በየቤታችንም የዚህ ዓይነቱ ሞልቷል። ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ሙጫው ቢጫ መስመር ሆኖ በፎቶግራፉ ጀርባ ይታያል፥ ወይም ደርቆ እንደ ድንጋይ ይይዘዋል። ፕላስቲኩም ፒ ቪ ሲ የሚባለው ዓይነት እንደ ሆነ የሚያወጣው ተን ፎቶግራፉን ይጐዳዋል። አዲስ ሲገዛ የሚከረፋ ፕላስቲክ ያለበትን አልበም በመዓዛው ብቻ ለይቶ መተው ይቻላል።

እንደዚህ ያለ አልበም ያለው ሰው ፎቶግራፉን በጥፍር እየፈለቀቀ እንዳያወጣ አደራ እንላለን። በመጀመሪያ እያንዳንዱን ገጽ እንዳለ በስልክም ቢሆን ፎቶግራፍ ማንሣት ይገባል፤ ቢቀደድ እንኳ መልኩ ይተርፋልና። ከዚያ በኋላ የጥርስ መጥረጊያ የሚሆነውን ቀጭን ክር በሁለት እጅ ወጥሮ ከፎቶግራፉ ጀርባ ማስገባትና እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ እያደረጉ በዝግታ ማሳለፍ ነው። ፎቶግራፉን ማጠፍ አይገባም፤ መጠምዘዝ ያለበት የአልበሙ ገጽ ነው። እንቢ ያለውን ግን ማስገደድ አያስፈልግም፤ ዙሪያውን ካርቶኑን በመቀስ ቈርጦ ከነካርቶኑ ማስቀመጥ ይሻላል።

ሥዕልና ቍርጥራጭ ጽሑፍ በመጽሐፍ ላይ እየለጠፉ ማኖር ራሱ የቈየ ሥራ ነው። በ1769 ጄምስ ግሬንጀር የሚባል እንግሊዛዊ የአገሩን ታላላቅ ሰዎች ታሪክ ባሳተመ ጊዜ፥ አንባቢዎቹ የታተመ መልካቸውን እየፈለጉ በመጽሐፉ ውስጥ መጨመር ጀመሩ። ማርክ ትዌይን በሚባል የብዕር ስም የታወቀው አሜሪካዊ ደራሲም በ1873 ገጹ አስቀድሞ ሙጫ የተቀባ፥ በውሃ ብቻ የሚርስ የመለጠፊያ መጽሐፍ ፈልስፎ የፈጠራ መብት አገኘበት። በኋላም በ1980 በሶልት ሌክ ከተማ ስለ ቤተ ሰብ መዛግብት በተደረገ ጉባኤ ላይ ማሪለን ክሪስተንሰን የተባለች የዩታ እመቤት የቤቷን አልበሞች ባሳየች ጊዜ ነገሩ እንደ ገና ተነሥቶ፥ ለዚሁ ብቻ ወረቀትና መሣሪያ የሚሸጡ ሱቆች በአሜሪካ ተከፈቱ። በአገራችን አልበሙ የገባው ከፎቶግራፉ ጋራ ነው። ከአርመን ወገን የሆነው የቦያጂያን ቤተ ሰብ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ አገልግሏል። በዚያን ጊዜ በብር ኬሚካል የታተመው ጥቍርና ነጭ ፎቶግራፍ በደንብ ታጥቦ እንደ ሆነ ከ1970ዎቹ ባለቀለም ፎቶግራፍ ይልቅ ዕድሜ አለው፤ ባለቀለሙ በጨለማ ውስጥ እንኳ እየቀላ ይሄዳልና።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አልበም በቤት ውስጥ ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ ደኅና ወረቀት፥ ማስመሪያ፥ ስለታም ምላጭ፥ መቀስ፥ ለስላሳ እርሳስና ጥቂት የስንዴ ስታርች ይበቃል። ገንዘብ መውጣት ያለበት በወረቀቱ ላይ ነው። በ1994 የወጣው አይ ኤስ ኦ 9706 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ስለሚቈይ ወረቀት የተወሰነ ስለ ሆነ፥ ይህ ቍጥር የተጻፈበት ወረቀት ያለ ሥጋት ሊገዛ ይችላል። ለፎቶግራፍ ደግሞ አይ ኤስ ኦ 18916 የሚባል ምርመራ አለ፤ ወረቀቱን፥ ሙጫውን ወይም ፕላስቲኩን ከፎቶግራፍ ዕቃ ጋራ አጣብቀው በሙቀትና በርጥበት ውስጥ አቈይተው ማደብዘዝ ወይም ማበለዝ እንዳለበት ያዩበታል። አሲድ የለበትም የሚል ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም፤ ሊግኒንም የሌለበት መሆን አለበት። በፕላስቲክ በኩል ፖሊኤስተር፥ ፖሊፕሮፒሊንና ፖሊኤቲሊን የሚባሉት የታመኑ ናቸው።

ወረቀት እንደ እንጨት አቅጣጫ አለው፤ ይህን የማያውቅ ሰው የሠራው አልበም ገጹ እየተጠማዘዘ አልገለጥ ይለዋል። አቅጣጫውን ለማወቅ ከወረቀቱ ትንሽ አራት ማዕዘን ቈርጦ አንድ ፊቱን በውሃ ማራስ ነው፤ ወዲያው እንደ ቀፎ ይጠቀለላል፥ ቀፎው የተጋደመበትም መስመር የወረቀቱ አቅጣጫ ነው። ይህ መስመር ከአልበሙ ጥራዝ ጋራ ትይዩ እንዲሆን ገጾቹን መቍረጥ ያስፈልጋል። ደግሞም ፎቶግራፍ ሲጨመርበት አልበሙ ፊት ለፊቱ እያበጠ አፉን እንዳይከፍት፥ 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የወረቀት ቅዳጅ በየገጹ መካከል ከጥራዙ ጋራ አብሮ ይታሰራል። ለመልክ የሚጠቅም ይመስላል እንጂ ዋናው ጥቅሙ ፎቶግራፎቹ እርስ በርሳቸው እንዳይፋተጉ ነው።

ፎቶግራፉን ራሱን ሙጫ ፈጽሞ እንዳይነካው ማድረግ ይቻላል። ዘዴውም የወረቀት ማዕዘን ነው። ቁመቱ 2፥ ርዝመቱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቍራጭ ወረቀት በቁመቱ አቁሞ ሳይሆን አጋድሞ መያዝ ነው፤ ሁለቱን የላይ ጫፎች ወደ ታች አጥፎ በታችኛው ጠርዝ መካከል ማገናኘት ነው፤ ወዲያው ሦስት ማዕዘን ይሆናል። የፎቶግራፉ ጫፍ ክፍት በሆነው በታችኛው በኩል ይገባል። የስታርቹ ሙጫ የሚቀባው ሁለቱ እጥፋቶች በተገናኙበት ጀርባ ላይ ብቻ ሲሆን እሱም እጅግ ስስ መሆን አለበት፤ እየደረቀ ሳለም ፎቶግራፉን ከውስጥ አውጥቶ መቈየት ይሻላል። ለአንድ ፎቶግራፍ አራት ማዕዘን ይበቃል። ሙጫውን ለማዘጋጀት አንድ እጅ ስታርች በአራት ወይም በአምስት እጅ ውሃ በጥብጦ፥ እንደ አጥሚት እያማሰሉ ቀስ ባለ እሳት ላይ ወፍሮ እስኪያስተላልፍ ማብሰል፥ ሲበርድም በወንፊት ማጥለል ነው። በጥቂት ቀን ውስጥ ስለሚበላሽ ብዙ ማዘጋጀት አይገባም። ተራ ዱቄት ያው አይደለምን የሚል ይኖራል፤ ዱቄቱ ነፍሳትን አብልጦ ይጠራልና ስታርቹን እንመርጣለን።

ስለ ጌጥ የምንለው አጭር ነው። የሚያብረቀርቅ ዱቄት፥ የሚለጠፍ አበባና ጥብጣብ ዛሬ በየሱቁ ሞልቷል፤ ልጆችም ይወዱታል። በትምህርት ቤት ደብተር ላይ ያድርጉት፤ ከአያት ፎቶግራፍ አጠገብ ግን አናስገባውም። የጋዜጣ ቍራጭ ያለበት ሰው በደኅና ወረቀት ላይ አስገልብጦ ቅጂውን በአልበሙ ያኑር፥ ዋናውን ለብቻው በፖስታ ውስጥ ያስቀምጥ።

ወረቀቱና ማዕዘኑ የተሟላ ሆኖ ስም የሌለው አልበም ግን ግማሽ ሥራ ነው። አምስት ሰዎች በአንድ ደጅ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል፤ መካከለኛው አባታቸው መሆኑን ልጆቹ ያውቃሉ፥ የቀሩትን አራት የሚያውቁት ግን ዛሬ 88 ዓመት የሆናቸው አያት ብቻ ናቸው። እኒያ እመቤት ያረፉ ቀን አራቱ ሰዎች ዳግመኛ ይሞታሉ። ስለዚህ አልበም የሚሠራ ሰው ምላጭ ሳያነሣ በፊት ወደ ሽማግሌዎቹ ይሂድ። በአንድ ጊዜ ከ20 የማይበልጥ ፎቶግራፍ ያቅርብላቸው፥ ይደክማቸዋልና። ስም ከነአባት፥ ቦታ፥ የተነሣበት ምክንያት ምን እንደ ነበረ ይጠይቅ፤ ልብሱን እያሳየ የማን እንደ ነበረ ቢጠይቅ ደግሞ ሌላ ታሪክ ይወጣል። ብዙ ሰው ላለበት ፎቶግራፍ ቅጂ አስነሥቶ፥ በቅጂው ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት አንጥፎ የየራሱን ዙሪያ በመሣል ቍጥር መስጠትና ከቍጥሩ አንጻር ስሙን መጻፍ መልካም ነው። በአሮጌው ፎቶግራፍ ጀርባ የሚጻፈው በለስላሳ እርሳስ፥ በዳር በኩል፥ ሳይጫኑ ነው። የእስክሪብቶ ቀለም ይሰርጋል፥ ጫፉም ወደ ፊት ጐድጕዶ ይታያል። በአዲሱ በፕላስቲክ በተለበጠው ፎቶግራፍ ላይ እርሳስ አይዝም፤ ስሙን ከሥሩ በአልበሙ ገጽ ላይ መጻፍ ነው።

ሌላ ፎቶግራፍ የሚጠፋበት መንገድ ልቅሶ ነው። ሰው ባረፈ ቀን ቤቱ ተጨናንቆ ሳለ አንድ ዘመድ አልበሙን ከፍቶ የሟቹን ፎቶግራፍ በጥድፊያ ይነቅላል፥ ለማስተለቅ ወደ ፎቶ ቤት ይወስዳል። የጀርባው ግማሽ በገጹ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ፎቶግራፉም ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ ብዙ ጊዜ ሳይመለስ ይቀራል። በሐዘን መካከል ይህን የሚጠይቅ የለም። የወረቀት ማዕዘን ጥቅሙ በዚህም ይታወቃል፥ ያለ ቅዳጅ ወጥቶ ይገባልና። ባዶ በሆነው ቦታ ላይም የወሰደውን ሰው ስምና ቀኑን የያዘ ወረቀት ማኖር እንደ ነውር አይቈጠርም። ከሁሉ የሚሻለው የእያንዳንዱን ዘመድ ደኅና ቅጂ አስቀድሞ አዘጋጅቶ ዋናው ከቤት እንዳይወጣ ማድረግ ነው። በስልክ ውስጥ ብቻ ያለውም ቢሆን በየዓመቱ 20 ያህል ተመርጦ ይታተም፤ ስልክ ይሰበራል፥ ይሰረቃል።

አልበሙ ካለቀ በኋላ የሚቀመጥበትን ቦታ መምረጥ ይቀራል። በቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለው ቆጥ ቀን እንደ ምድጃ ይግላል፤ ወለሉና የውጭ ግድግዳው ደግሞ በክረምት ርጥበት ይስባሉ። ከመሬት ከፍ ባለ፥ ግድግዳ በማይነካ፥ ጨለማና ነፋሻ በሆነ ቁም ሣጥን ውስጥ አጋድሞ ማኖር ይሻላል፤ ከባድ አልበም ከቆመ ጥራዙ ይላላል። ለመጠቅለያ ታጥቦ ሳሙናው በደንብ የለቀቀ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል፥ የፕላስቲክ ከረጢት ግን ርጥበቱን በውስጡ ይይዛል። ናፍታሊን ብልን ቢያባርርም ተኑ አንዳንዱን ፕላስቲክ ስለሚያለሰልስ በአልበም መካከል አይጨመርም። መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ካቆመ በኋላ አልበሙን አውጥቶ በጥላ ሥር ገጽ በገጽ እየገለጡ ማናፈስ ይገባል፥ ፀሐይ ግን አይንካው። ሻጋታ የታየበት ገጽ ቢኖር ርጥብ ሳለ አይጠረግም፤ ከሌሎቹ ተለይቶ ይድረቅና ከቤት ውጭ በለስላሳ ብሩሽ ይራገፍ፥ የሚያራግፈውም ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን።