መሐል ሜዳ ላይ ትንፋሽ ለምን ያጥራል?

ከአዲስ አበባ መጥቶ በመንዟ ከተማ በመሐል ሜዳ የሚያዜም ሰው ስንኙን ሳይጨርስ ትንፋሽ ሲያጥረው ከፍታውን ይወቅሳል። እውነት አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ሳንባው የሚይዘው የአየር መጠን አልቀነሰም፤ የቀነሰው በአየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ነው። ስለዚህ «ተንፍስ» የሚለው የሰውነት ጥሪ ቶሎ ይመጣል። እዚያው ተወልደው ያደጉት ይለያሉ። ሲንቲያ ቢያልና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ደገኞች የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በባሕር ወለል ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም አይርቅም።

ታዲያ ደገኛው ቀረርቶ ላይ ለምን ይታፈናል? እኔ ብርዱን እጠረጥራለሁ። የመንዝ ቁር ሲመታው ሰው ትከሻውን ወደ ጆሮው ይሰበስባል፣ አገጩን በጋቢው ይቀብራል፣ ሆዱን ይቋጥራል። ሙቀት ለመያዝ ደግ ነው፤ ለዜማ ግን አይሆንም። አየር ስናስገባ ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲወርድም የሆድ ዕቃን ወደ ፊት ይገፋል። ሆድ ከተቋጠረ መውረጃ ያጣል። ያኔ ሥራውን አንገትና ትከሻ ይረከባሉ፤ የሚገባው አየር ያንሳል፣ የአንገቱ ውጥረትም ማንቁርትን ይጫነዋል። ዘፋኙ አየር ያነሰው መስሎት አጥብቆ ይስባል፤ በሳበ ቁጥር ትከሻው ይብስ ይወጣል።

ይህን አዙሪት በራሱ ላይ ያየ ሰው በ1869 እ.ኤ.አ. ታዝማኒያ የተወለደው ፍሬድሪክ ማቲያስ አሌክሳንደር ነው። መድረክ ላይ ግጥም የሚያነብ ነበርና ድምፁ እየተዘጋ ሲያስቸግረው መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን አጠና። ገና አፉን ሲከፍት ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ይሳባል፣ ማንቁርቱ ይጫናል፣ አየሩንም በአፉ እየማገ ያስገባል። ከዚህ የሚብሰው፣ አስተካከልኩ ብሎ ባመነበት ሰዓት መስታወቱ ያንኑ የድሮውን ማሳየቱ ነበር። «ትከሻህን አውርድ» የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ የማይሠራው ለዚህ ነው፤ ሰውየው ያወረደ ይመስለዋል።

የተቋጠረ ሰውነት ሲፈታ በማኅሌት ላይ ይታያል፤ ዝማሜው ከጎን ወደ ጎን ያወዛውዘዋል። ለትንፋሽ ተብሎ የተሠራ ሥርዓት አይደለም፤ ግን በዝግታ የሚወዛወዝ ሰው ተገትሮ መቆም አይችልም። መቋሚያውን በብብት ይዞ ሙሉ ክብደትን መጣል ግን አንዱን ትከሻ ሽቅብ ይገፋል። (ትውፊት እንደሚለው ቅዱስ ያሬድ የንጉሥ ገብረ መስቀል ጦር እግሩን ሲወጋው እንኳ አልተሰማውም፤ ለእኛ ግን ትከሻችን ቢሰማን ይበጀናል።)

ይህን ውጥረት መፍታት ለመጀመር፣ ሞቅ አድርጎ ለብሶ በጀርባ መተኛት፣ ጉልበትን አጥፎ እግርን መሬት ላይ ማሳረፍ፣ እጅን ሆድ ላይ ማድረግ። አየሩን በረጅም «ስ» ድምፅ ማስወጣት፤ ከዚያ ሳይስቡ መጠበቅ። ሆዱ ራሱ ይነሳል። ደጋግመው ከለመዱት በኋላ ቆሞ አንድ ስንኝ ማዜም ነው፤ ትከሻ ከተነሳ ግን ስንኙን አቋርጦ እንደገና ከማስወጣቱ መጀመር።