ካልተዘራ የሚሞት ቅርስ

በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ከኦዛርክ ኮረብቶች መካከል ማንስፊልድ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በይበልጥ የምትታወቀው በደራሲዋ ላውራ ኢንጋልስ ዋይልደር ነው፤ ላውራ እ.ኤ.አ. በ1894 መጥታ የሰፈረችውም፣ የሰፋሪዎችን ኑሮ የተረከችባቸውን የልጆች መጻሕፍት የጻፈችውም እዚሁ ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ቤከር ክሪክ የተባለው የነባር ዘር እርሻ ይገኛል። ጄሪ ጌትል እ.ኤ.አ. በ1998፣ በ17 ዓመቱ፣ የዘር ዝርዝር አሳትሞ ጀመረው፤ ዛሬ ዝርዝሩ ከ1,000 በላይ ዓይነት ይዟል። ከእርሻው ጋር ቤከርስቪል የሚሉት፣ በሰፋሪዎች ዘመን አምሳል የተሠራ የእንጨት ቤቶች መንደር አለ። መንደሩ ለእርሻው ጌጥ ይመስላል፤ እኔ ግን የዘር አጠባበቁ አካል ነው እላለሁ።

ምክንያቱ ያለው ዘሩ ውስጥ ነው። ነባር ዘር ከሌላ ዓይነት ካልተዳቀለ ፍሬው ተመልሶ ሲዘራ እናቱን የሚመስል ይወልዳል። ድቅል ዘር በመጀመሪያው ዓመት እኩል የበቀለና ብዙ የሚያፈራ ማሳ ይሰጣል፤ ከፍሬው የተወሰደው ዘር ግን በቀጣዩ ዓመት መልኩ ይዘበራረቃል፤ ስለዚህ ገበሬው በየዓመቱ ወደ ሻጩ ይመለሳል። ለገበያ የሚያመርት ሰው ድቅሉን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ነባሩን የሚያቆየው ጣዕሙን የለመደ ቤተሰብ ነው፤ የሚበላው ሲጠፋ የሚዘራውም ይጠፋል። ጎብኚን ጠርቶ፣ አብልቶ፣ ዘር አስይዞ የሚሸኝ መንደር ያንን የተቋረጠ ቤተሰብ ይተካል።

መንደሩ አዲስ ነው፣ አሮጌ መልኩም ለሽያጭ ነው የሚል አይሳሳትም። ከዚህም የከፋ ነገር አለ፦ በቆሎው፣ ቦሎቄውና ዱባው ሰፋሪዎቹ ከመምጣታቸው ከብዙ ዘመን በፊት የአሜሪካ አህጉራት ነባር ሕዝቦች ያላመዷቸው ናቸው፤ የሰፋሪ ጎጆ ይህን ውለታ ይሸፍነዋል። ሽያጩ ግን አያሳፍርም፤ የተሸጠ እያንዳንዱ ከረጢት አንድ ሌላ ጠባቂ ሊያፈራ ይችላል።

ዘርን በማቀዝቀዣ ባንክ ማኖር አይሻልም ወይ ለሚል፣ ባንክ ያስፈልጋል። የሶርያ ጦርነት አሌፖ አጠገብ የነበረውን፣ ኢካርዳ የተባለውን የግብርና ምርምር ተቋም የዘር ባንክ ከአገልግሎት ውጭ ሲያደርገው፣ ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ2015 ከኖርዌዩ የስቫልባርድ ማከማቻ ያስቀመጠውን ዘር አስወጥቷል። አስወጥቶ ያደረገው ግን ሊባኖስና ሞሮኮ ውስጥ መዝራት ነው። በብርድ የተኛ ዘር አዲስ በሽታ ሲመጣ አይፈተንም፤ ማሳ ላይ ያለው ይፈተናል። የእኛው ዶክተር መላኩ ወረደ የአዲስ አበባውን የዘር ባንክ እየመሩ ገበሬው በማሳው እንዲጠብቅ ማድረጋቸው ከዚሁ የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትም አግኝተውበታል።

የኔ ክርክር የሚደክመው ከረጢቱ ከገዢው ቤት ሲደርስ ነው፤ ዘሩን ሳይዳቀል ማቆየት ለሁሉም ሰብል እኩል አይቀልምና። ቲማቲምና ቦሎቄ በአብዛኛው በራሳቸው የአበባ ብናኝ ስለሚያፈሩ ለጀማሪ ይመቻሉ። ዱባን ንብ ከጎረቤት ዱባ ጋር ትቀላቅለዋለች። በቆሎ ደግሞ በነፋስ ስለሚዳቀል ቤከር ክሪክ ራሱ፣ በዘረመል የተለወጠ በቆሎ ተቀላቅሎበት እንዳይሆን እያስመረመረ ይሸጣል። ጓሮው ጠባብ የሆነ ሰው ይህን ምርመራ ከየት ያመጣል?