ጣፊያ ቢወጣ ዘር አይለወጥም

ከቤተሰባችሁ መካከል ደም ማነስ የሚመላለስበት፣ «የወፍ በሽታ ነው» እየተባለ ዓይኑ ቢጫ የሚሆን፣ ወይም ገና በወጣትነቱ የሐሞት ጠጠር የተገኘበት ሰው አለ? ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። አንዱ ግን ከወላጅ የሚወረስ የቀይ ደም ሴል ችግር ነው፤ ስፌሮሳይቶሲስ ይባላል።

ጤነኛ ቀይ የደም ሴል መሐሉ ጎድጎድ ያለ ጠፍጣፋ በመሆኑ በጠባብ መንገድ ተጣጥፎ ያልፋል፤ 120 ቀን ያህልም ይኖራል። በዚህ ሕመም ግን የሴሉ ሽፋን ደካማ ስለሆነ ሴሉ እንደ ኳስ ይድቦለቦላል። የደም ማጣሪያ የሆነው ጣፊያ ደግሞ ይህን ሴል ይዞ ያለ ጊዜው ያጠፋዋል።

ሕመሙ ቀላል ከሆነ ክትትልና እንደ አስፈላጊነቱ ፎሊክ አሲድ ይበቃል። ከጸና ጣፊያው እንዲወጣ ሊወሰን ይችላል። ቀድሞ ለዚህ ሆድ በሰፊው ይከፈት ነበር። በ1991 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ሐኪሞች ጣፊያ በላፓራስኮፒ ማውጣታቸውን ከገለጹ ወዲህ ግን በጥቂት ትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያዎች አስገብቶ ማውጣት ተለምዷል። የማህፀን ቱቦ ለማስቋጠርም ይኸው ዘዴ ያገለግላል። ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ ታካሚው ቶሎ ይነሣል።

ይሁን እንጂ ጣፊያ ከጀርም ይከላከላል። ስለዚህ ሕፃናት በተቻለ መጠን 6 ዓመት እስኪሞላቸው ይጠበቃሉ። የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር መከላከያ ክትባቶችም ቢያንስ ከ2 ሳምንት በፊት ይሰጣሉ። ጣፊያው የወጣለት ሰው ካተኮሰው «እስከ ነገ ይሻለው ይሆናል» አይባልም፤ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ይሂድ። ወባ ወዳለበት አገር ከመጓዙም በፊት ሐኪም ያማክር።

ባልና ሚስት ሆይ፣ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ቀዶ ጥገናው የታመመውን ሰው ይረዳል እንጂ ለልጅ የሚተላለፈውን አያስቀርም። በአብዛኛው ከሁለት አንዳችሁ ሕመሙ ካለባችሁ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የመጀመሪያው ልጅ ጤነኛ መሆኑ ለሁለተኛው ዋስትና አይሆንም። ወንድም ሴትም እኩል ይወርሳሉ። ከአባትም ከእናትም ሊመጣ ስለሚችል አንዱ ሌላውን አይውቀስ።

ይህ አትውለዱ ማለት አይደለም። ከማርገዛችሁ በፊት ተመካከሩ፤ ተመርመሩ። በቅድመ ወሊድ ክትትል ጊዜም ለአዋላጇ አስቀድማችሁ ንገሯት፤ ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክፉኛ ቢጫ ሊሆን ይችላልና። አስቀድሞ ከታወቀ በጊዜ ይታከማል።