ኦሪጅናል፣ ኮፒ ወይስ ፎርጅድ? ለቆላ መኪና መለዋወጫ ሲመረጥ

ከገንዳ ውኃ በሽንፋ አድርጎ ገለጉ የሚደርስ መኪና በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ዓይነት ፈተና ያልፋል። በበጋ የላመ አቧራ በየቀዳዳው ይገባበታል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ክረምት ሲገባ ጥቁሩ የዋልካ አፈር ጎማውን ይዞ አይለቅም። የቋራና የመተማ ቆላ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ገበያ የሚደርሰው በዚህ መንገድ፣ በኢሱዙና በትራክተር ጉልበት ነው። ሰሊጥ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ ከደረሰ በኋላ ከዘገየ ማቀፊያው ተከፍቶ ፍሬው ይረግፋል። በጥቅምት ለሦስት ቀን የቆመ መኪና የሚያስከትለው ኪሳራ ከጥገናው ሒሳብ በብዙ ይበልጣል።

ስለዚህ «ኦሪጅናል ልግዛ ወይስ ኮፒ?» የሚለው ጥያቄ በዚህ አካባቢ ከባድ ጥያቄ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ይበልጥ ከብዷል። በዚያ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ መለዋወጫም ከውጭ የሚገባ ነውና አብሮ ተወደደ። በዚያው ዓመት መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። በእጅ ያለው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ማገልገል አለበት ማለት ነው።

በሱቁ መደርደሪያ ላይ ያሉት አምስቱ

ብዙ ሰው መለዋወጫን ኦሪጅናልና ኮፒ ብሎ ለሁለት ይከፍለዋል። በእውነቱ ግን በመደርደሪያው ላይ አምስት ዓይነት ዕቃ አለ፤ ልዩነታቸውን ያወቀ ገዢ ገንዘቡንም መኪናውንም ያድናል።

የመጀመሪያው በመኪናው አምራች ሳጥን፣ በአምራቹ ስም የሚመጣው ነው። ቶዮታን የወሰድን እንደሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመው ሞኤንኮ በኢትዮጵያ ወኪል ሆኖ የሚሸጠው ይህን ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፤ በምትኩ ልኩም ጥራቱም አያጠራጥርም።

ሁለተኛው ያንኑ ዕቃ የሠራው ፋብሪካ በራሱ ሳጥን የሚሸጠው ነው። የመኪና አምራች ሁሉንም ዕቃ ራሱ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1949 ከቶዮታ ተለይቶ የወጣው ዴንሶ የኤሌክትሪክ፣ የማቀዝቀዣና የነዳጅ ክፍሎችን፣ አይሲን ደግሞ ፍሪሲዮንና የውኃ ፖምፓን ለመኪና ፋብሪካዎች ያቀርባሉ። በእነዚህ ስሞች የታሸገ እውነተኛ ዕቃ ከአምራቹ ሳጥን ዕቃ ጋር ተቀራራቢ ጥራት ኖሮት ዋጋው ቀለል ይላል። አዋቂ መካኒክ ብዙ ጊዜ የሚመክረው ይህንን ነው።

ሦስተኛው ለመኪናው ፋብሪካ አቅርቦ የማያውቅ ሌላ ድርጅት በራሱ ስም የሚሠራው ነው። ገበያው «ኮፒ» የሚለው በአብዛኛው ይህንን ነው። እዚህ ውስጥ እጅግ ጥሩም እጅግ መጥፎም አለ። ስሙን ሳይደብቅ የሚሸጥ ስለሆነ ግን ክብሩንም ውርደቱንም ራሱ ይሸከማል።

አራተኛው ፎርጅድ ነው፤ የሌላውን ስም፣ ሳጥንና ምልክት ሰርቆ የሚሸጥ። ይህ ወንጀል ነው። የንግድ ምልክትን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 501/1998 እና የሸማቾች ጥበቃን የያዘው አዋጅ ቁጥር 813/2006 የወጡት እንዲህ ያለውን ማታለል ጭምር ለመከላከል ነው። አምስተኛው ከሌላ መኪና የተፈታ ያገለገለ ዕቃ ነው፤ በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የታወቀው በእሱ ነው።

ከአምስቱ በምንም ምክንያት መገዛት የሌለበት አራተኛው ብቻ ነው። የቀሩት አራቱ እንደ ቦታቸው ያገለግላሉ።

ይህ ዕቃ ቢበላሽ ምን ይከተላል?

ምርጫውን መወሰን ያለበት የዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ መንገድ ላይ ቢከዳ የሚያስከትለው ጉዳት ነው። ጉዳቱ ከሦስት አንዱ ይሆናል፦ ሕይወት ይጠፋል፣ ሞተር ይጠፋል፣ ወይም ጥቂት እንግልት ይደርሳል።

ሕይወት ከሚያጠፉት ቀዳሚው ፍሬን ነው። ከአይከል ወደ ገንዳ ውኃ ሲሚንቶና ሸቀጥ ጭኖ የሚወርድ ኢሱዙ ቁልቁለቱን በፍሬን ሸራና በሞተር ማርሽ ይዞ ይወርዳል። ሸራ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚወስነው የተሠራበት ነገር ነው። በብዙ ሸራዎች ጠርዝ ላይ የታተሙ ሁለት የላቲን ፊደላት ስለዚህ ይናገራሉ። የመጀመሪያው በተለመደው ሙቀት፣ ሁለተኛው ሲግል ያለውን የሰበቃ መጠን ያመለክታል። «ኢ» ከ0.25 እስከ 0.35፣ «ኤፍ» ከ0.35 እስከ 0.45፣ «ጂ» ከ0.45 እስከ 0.55 ነው። «ኤፍ» ብሎ ጀምሮ በ«ኢ» የሚጨርስ ሸራ ሲግል ይለግማል፤ ለቁልቁለት ሁለቱም «ኤፍ» የሆኑበት ይሻላል። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 90 መሠረት የተፈተነ ምትክ ሸራ ደግሞ የመያዝ ብቃቱ ከኦሪጅናሉ ከ15 በመቶ በላይ መራቅ የለበትም፤ ይህን ያለፈው በክብ ውስጥ የተጻፈ የ«ኢ» ምልክትና ቁጥር ይታተምበታል። እንዲህ ያለ ምልክት ያለው የታወቀ ፋብሪካ ኮፒ ለፍሬን ይበቃል። ምልክት የሌለው ርካሽ ሸራ ግን በነጻ ቢሰጥም መታሰር የለበትም። ለመሪና ለፍሬን ያገለገለ ዕቃ መግዛትም አይገባም።

ሞተር የሚያጠፉት ዕቃዎች አብዛኛውን ጊዜ ትንንሾች ናቸው። የራዲያተር ክዳን አንዱ ነው። በጃፓን መኪኖች ክዳን ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ይነበባል፤ ክዳኑ የሚይዘው የግፊት መጠን ነው። ውኃ በጎንደር ከፍታ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር አልፎ፣ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደህና ክዳን የመፍያ ነጥቡን ወደ 115 ዲግሪ አካባቢ ያደርሰዋል። ሞተር የሚሠራው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስለሆነ፣ ስፕሪንጉ የላላ ክዳን የገጠመው መኪና ሰሊጥ ጭኖ የጭልጋን ዳገት ሲወጣ ውኃው ይፈላል፣ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል። ለክዳንና ለቴርሞስታት ኦሪጅናል መግዛት ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። በቆላ «ይሞቃል» ተብሎ ቴርሞስታት አውጥቶ መጣልም መፍትሔ አይደለም። በአንዳንድ ሞተሮች ውኃው ወደ ራዲያተር ሳይሄድ በአቋራጭ ስለሚዞር ጭራሽ ሙቀቱን ያብሰዋል።

የናፍጣ ፊልትሮም ከዚህ ወገን ነው። ናፍጣ በበርሜልና በጄሪካን ሲገለበጥ ውኃና ቆሻሻ ይከተለዋል። በዘመናዊ የናፍጣ ሞተር ነዳጁ ወደ ኢንጀክተር የሚገፋው ከ1,600 ባር በላይ በሚደርስ ግፊት ነው፤ ዓይን የማያየው ደቃቅ ቆሻሻ እንኳን የኢንጀክተሩን ጫፍ ይበላዋል። የኢንጀክተርን ዋጋ የሚያውቅ ሰው በፊልትሮ አይቆጥብም። አሮጌዎቹ ሜካኒካል ፖምፓ ያላቸው ኢሱዙዎች ይበልጥ ታጋሽ ናቸው፤ ለእነሱ ጥሩ ስም ያለው ኮፒ ይሠራል።

የአየር ፊልትሮ ነገር ግን ይለያል። በገለጉ መንገድ አንድ ኦሪጅናል ፊልትሮ ገዝቶ በአየር እየነፉ ዓመት ከማቆየት፣ ደህና ኮፒ ገዝቶ ቶሎ ቶሎ መለወጥ ይበልጣል። ሲገዛ የወረቀቱ እጥፋት ብዛትና የጎማ ጠርዙ ልስላሴ ከአሮጌው ጋር ይነጻጸር። ጠርዙ በደንብ ካልገጠመ አቧራው በጎን አልፎ ፋሻና ሲሊንደር ይፈጫል፤ ከዚያ በኋላ መኪናው መጨስና ዘይት መጨረስ ይጀምራል።

ለኩሽኔታ የመኪና አምራች ሳጥን ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ቁጥሩ ዓለም አቀፍ ነው፤ 6204 የተባለ ኩሽኔታ በማንኛውም ፋብሪካ ቢሠራ የውስጥ ስፋቱ 20፣ የውጭው 47፣ ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር ነው። ከአሮጌው ላይ ቁጥሩን አንብቦ ኮዮ፣ ኤንኤስኬ፣ ኤንቲኤን ወይም ኤስኬኤፍ የሆነውን መግዛት ይቻላል። ችግሩ እነዚህ ስሞች በፎርጅድ አምራቾች ዘንድም ተወዳጅ መሆናቸው ነው፤ ስለዚህ ሻጩን መምረጥ ከስሙ ይቀድማል።

ሦስተኛው ወገን ቀላል ነው። ስፖኪዮ፣ የበር እጀታ፣ ፓራፋንጎ፣ የመብራት ሽፋን ቢሰበሩ መኪናው ቤቱ ይገባል። ለእነዚህ ርካሽ ኮፒም የሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃም ጥሩ ነው። እዚህ የተቆጠበው ገንዘብ ለፍሬንና ለፊልትሮ ይውላል።

ከሩቅ ሲታዘዝ

የገለጉ ባለመኪና ብዙውን ዕቃ የሚያዘው ከጎንደር፣ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ በስልክ ነው። ዕቃውን ሳያይ ስለሚከፍል ስሕተቱ ውድ ነው። «የኢሱዙ ፍሪሲዮን ላክልኝ» ማለት አይበቃም፤ አንድ ሞዴል በየዓመቱ የተለያየ ልክ ሊኖረው ይችላል። ከሊብሬው ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን፣ ከአሮጌው ዕቃ ላይ ደግሞ የዕቃውን ቁጥር ፎቶ አንስቶ መላክ ይገባል። በቶዮታ ይህ ቁጥር ብዙውን ጊዜ አምስት በአምስት የተከፈለ አሥር ፊደልና አኃዝ ነው።

ዕቃው ሲደርስ ከመታሰሩ በፊት ከአሮጌው ጎን ይቀመጥ። ክብደቱ ከቀለለ፣ ጽሑፉ ከደበዘዘ ወይም ፊደል ከተሳሳተ፣ በሳጥኑና በዕቃው ላይ ያሉት ቁጥሮች ካልተመሳሰሉ፣ ዋጋው ከሌላው ሱቅ እጅግ ከወረደ ተቀብሎ ማሰር አይገባም። ደረሰኝ መጠየቅም ሻጭን መጠርጠር አይደለም። ጉድለት ያለበትን ዕቃ ለማስለወጥ ወይም ገንዘብ ለማስመለስ ሕጉ ለሸማቹ የሰጠው መብት በእጅ የሚጨበጠው በደረሰኝ ነው። የኦሪጅናል ዕቃ ባዶ ሳጥንም ቀዶ መጣል ይገባል፤ ያልተቀደደ ሳጥን ተመልሶ ፎርጅድ ሊሞላበት ይችላል።

በገለጉ ያሉ ባለመኪኖች ይህን ሁሉ ለየብቻ ከሚሸከሙት በጋራ ቢያደርጉት ይቀላል። ተመሳሳይ ኢሱዙ ወይም ትራክተር ያላቸው ሰዎች ተመካክረው፣ ዝናቡ መንገዱን ሳያከብደው በግንቦት ውስጥ የናፍጣ ፊልትሮ፣ የራዲያተር ክዳን፣ ቺንጋ፣ የፍሬን ሸራና የውኃ ፖምፓ ከታመነ ሻጭ በአንድ ጊዜ አስመጥተው ቢያስቀምጡ ዋጋውም ይረክሳል፣ ሻጩም ብዙ ደንበኛ እንዳያጣ ይጠነቀቃል። ክረምት ላይ ሲቸግር ዕቃው የሚገዛው በደረሰው ዋጋና በተገኘው ጥራት ነው፤ በግንቦት የገዛ ግን መርጦ ይገዛል።