ሂት ፓምፑ ከመምጣቱ በፊት

የብሪታንያ መንግሥት በእንግሊዝና በዌልስ የጋዝ ቦይለሩን አስነቅሎ የአየር ሂት ፓምፕ ለሚያስገባ ባለቤት የሚሰጠውን ድጎማ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ከ5,000 ወደ 7,500 ፓውንድ ከፍ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ስለ ማሽኑ ሞዴል፣ ድምፅና ዋጋ ብዙ ይወራል። ውጤቱን በአብዛኛው የሚወስነው ግን ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት የሚሠራው ሥራ፣ ማለትም ከሥሩ ያለው ኮንክሪትና ከጀርባው የሚወጣው ቧንቧ ነው። ሂት ፓምፕ እንደ ፍሪጅ ሙቀትን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ያሻግራል፤ ከውጭው አየር የሰበሰበውን ሙቀት ለቤቱ ውኃ ይሰጣል። በደንብ ከተተከለ በአንድ ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ሦስት ኪሎዋት ያህል ሙቀት ያስገኛል፤ በደንብ ካልተተከለ ግን ትርፉ በመብራት ሒሳብ ላይ ይቀልጣል።

ኮንክሪቱ ከቤቱ መሠረት ተነጥሎ፣ በደንብ በተጠቀጠቀ ጠጠር ላይ በውኃ ልክ ተስተካክሎ መፍሰስ አለበት። ማሽኑ በጎማ እግር ላይ ሲቆም የኮምፕረሰሩ ንዝረት ወደ ቤቱ አይዘልቅም። ግድግዳ ላይ ማንጠልጠል ይረክሳል የሚሉ አሉ፤ መሬት በሌለበት ቦታ አማራጭ አይገኝም፣ መሬት እያለ ግን ንዝረቱን ወደ መኝታ ቤት መጋበዝ ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋው የሚወርደው ውኃ ነው። በብርድ ወራት የአየሩ እርጥበት ማሽኑ ላይ በረዶ ሆኖ ይጋገራል፤ ማሽኑም በየጊዜው አሠራሩን ገልብጦ ያቀልጠዋል። ለዚህ ውኃ ከሥሩ ጠጠር የሞላ ማስረጊያ ጉድጓድ ካልተቆፈረለት መተላለፊያው ላይ ይፈስና ሌሊቱን ተመልሶ በረዶ ይሆናል፤ ሰው ይሰብራል። በአቅራቢያው ወዳለ ክፍት የፍሳሽ ጉድጓድ መልቀቅም ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም። ብዙዎቹ አዳዲስ ማሽኖች በውስጣቸው ሙቀት የሚያመላልሰው ጋዝ ፕሮፔን ነው፤ ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈተልክ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳል። ስለዚህ ማሽኑ ከፍሳሽ መግቢያ፣ ከበርና ከመስኮት አምራቹ ባዘዘው ልክ መራቅ አለበት።

ስለ ቧንቧው ሒሳቡ ይናገራል። ቦይለር በሚወጣውና በሚመለሰው ውኃ መካከል 20 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይዞ ሊሠራ ይችላል፤ ሂት ፓምፕ ግን አብዛኛውን ጊዜ 5 ዲግሪ ነው የሚይዘው። ያንኑ ሙቀት ለማድረስ አራት እጥፍ ውኃ መዞር አለበት። 8 ኪሎዋት ለማድረስ በደቂቃ 23 ሊትር ያህል ያስፈልጋል። ይህ ውኃ በ22 ሚሊሜትር የመዳብ ቧንቧ ሲያልፍ በሰከንድ ከአንድ ሜትር በላይ ይሮጣል፤ ይጮኻል፣ ውኃውን የሚያዞረውን ፓምፕም ያደክማል። በ28 ሚሊሜትር ቧንቧ ግን ወደ 0.7 ሜትር ይወርዳል። «የድሮው ቧንቧ ለዓመታት ሠርቷል፣ ለምን ይነካል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ወደየራዲያተሩ የሚገቡት ቀጫጭኖቹ ብዙ ጊዜ ይበቃሉ፤ ዋናው መስመር ግን ሳይሰላ መታለፍ የለበትም። የድሮው ዝቃጭም ታጥቦ መውጣት አለበት፤ ውጭ የሚያልፈው ቧንቧ ደግሞ እስከ መጋጠሚያው ድረስ በወፍራም መሸፈኛ ካልተጠቀለለ የተከፈለበት ሙቀት ለጓሮው ይቀራል።

ማሽኑ ብርድ አይችልም የሚባለውን ኖርዌይ አፍርሳዋለች፤ እዚያ ከግማሽ በላይ ቤቶች ሂት ፓምፕ አላቸው። እንግሊዝ አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎች ውል ከመፈረማችሁ በፊት ባለሙያውን ሁለት ነገር ጠይቁ፤ የቧንቧውን ስሌት በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ፣ ከማሽኑ የሚወርደው ውኃ የት እንደሚገባም በጣቱ እንዲያሳያችሁ።