መጫወቻው ወደ ወላጅ እጅ ሲገባ፦ የቤተሰብና የትዳር የጨዋታ ሕክምና ከ1909 እስከ ዛሬ

በ2005 ሱ ብራተን የተባሉ የኖርዝ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ከሦስት ባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ሰፊ ጥናት አሳተሙ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከ1953 እስከ 2000 በልጆች የጨዋታ ሕክምና ላይ የተሠሩ 93 ጥናቶችን ሰብስበው፣ የታከሙ ልጆች ካልታከሙት በምን ያህል እንደተሻሉ በሚያሳይ አንድ ሚዛን ውጤታቸውን ለኩ። ሕክምናው በጥቅሉ 0.80 አገኘ፤ በሙያው ልማድ ይህ ከፍተኛ ውጤት ነው። እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለው ዝርዝር ነው። ልጁን የሚያጫውተው ባለሙያው ራሱ ሲሆን ውጤቱ 0.72 ነበር፤ ባለሙያው ወላጅን አሠልጥኖ ልጁን ወላጁ ሲያጫውት ደግሞ 1.15 ደረሰ። ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ልጇ እስኪወጣ ትጠብቅ የነበረች እናት፣ ተጠርታ ምንጣፉ ላይ ብትቀመጥ ከሐኪሙ ይልቅ የምትረዳው እሷ ነበረች። እዚህ ለመድረስ መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቷል።

ጅማሬው ላይ ወላጅ ነበረበት። ፍሮይድ በ1909 ያሳተመው፣ ፈረስ ይፈራ የነበረው የአምስት ዓመቱ የሃንስ ታሪክ የተጻፈው አባትየው በያዘው ማስታወሻ ላይ ተመሥርቶ ነው። ልጁን ቀን በቀን ያነጋግር የነበረው አባቱ ነው፤ ፍሮይድ ሃንስን ለሕክምናው ያገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቀጥሎ የመጣው ትውልድ ግን ልጁን ለብቻው ወሰደው። ሜላኒ ክላይን በበርሊን፣ አና ፍሮይድ በቪየና፣ ማርጋሬት ሎዌንፌልድ የአሸዋ ትሪና ጥቃቅን ምስሎች ባዘጋጀችበት የለንደን ክሊኒኳ፣ በኋላም በ1947 «የጨዋታ ሕክምና» የተሰኘውን መጽሐፍ ያሳተመችው አሜሪካዊቷ ቨርጂንያ አክስላይን፣ ሁሉም በራቸውን ዘግተው ከልጁ ጋር ብቻ ነበር የሚሠሩት። እናትና አባት በአብዛኛው የሚፈለጉት መረጃ እንዲሰጡ ነበር፤ ብዙ ጊዜም የሚታዩት እንደ ሕመሙ ምንጭ ነው። ይህ አስተያየት ስንት እናት በጥፋተኝነት ስሜት አንገቷን ደፍታ እንድትኖር እንዳደረገ ሳስብ ያመኛል።

ባልና ሚስትን በጨዋታ የመርዳት ሐሳብ የመጣው ከመድረክ ነው። ጄኮብ ሞሬኖ የተባለ ሐኪም በ1920ዎቹ መጀመሪያ ቪየና ውስጥ ያለ ጽሑፍ፣ ያለ ልምምድ፣ ለቅጽበቱ በመጣ ሐሳብ ብቻ የሚሠራ ቲያትር ከፍቶ ነበር። ከተዋናዮቹ አንዷን ባርባራ ብሎ ይጠራታል፤ የጨዋና የየዋህ ሴቶችን ገጸ ባሕርይ በመጫወት የምትወደድ ወጣት ነበረች። ጊዮርግ የተባለ ባለቅኔ በየምሽቱ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያያት ቆይቶ አገባት። ብዙም ሳይቆይ ግን ተጨንቆ ወደ ሞሬኖ መጣ፦ መድረክ ላይ መልአክ የምትመስለው ሚስቱ ቤት ስትገባ ተሳዳቢ ናት፣ ስትቆጣም ትማታለች። ሞሬኖ በዚያው ምሽት ለባርባራ የጋለሞታ ክፍል ሰጣት። በመንገድ ላይ ከሰው ጋር ስትጣላ፣ ስትራገም፣ ስትጮህ አምሽታ ከመድረክ በደስታ ወረደች። እንዲህ ያሉ ክፍሎች በተከታታይ ሲሰጧት የቤቱ ቁጣ እያጠረ ሄደ፤ አንዳንዴም ንዴቷ መሐል መድረኩ ትዝ ይላትና ትስቅ ጀመር። በኋላ ባልየውም ወደ መድረኩ ወጥቶ ሁለቱ የራሳቸውን ቤት ጠብ ተጫወቱት። ታሪኩን የተረከልን ሞሬኖ ራሱ ስለሆነ ከማስረጃ አልቆጥረውም። ቢሆንም ዛሬ የትዳር አማካሪዎች ባልን በሚስቱ ወንበር አስቀምጠው በእሷ አንደበት ሲያናግሩት የሚጠቀሙበት ዘዴ ከዚህ ሰው የወረሱት ነው።

በወላጅና በልጅ በኩል ትልቁ መታጠፊያ 1964 ነው። በኒው ጀርሲው ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ባልና ሚስት፣ በርናርድና ሉዊዝ ገርኒ፣ ወላጆችን በትንንሽ ቡድን ሰብስበው የጨዋታ ሕክምናን ራሳቸው እንዲሰጡ ማሠልጠን ጀመሩ። የሙያ ባልደረቦቻቸው አልወደዱላቸውም። ልጁን ያሳመመው ወላጅ እንዴት ሐኪም ይሆናል? የገርኒዎች መልስ ቀላል ነበር፤ ብዙው ችግር ከወላጅ ሕመም ሳይሆን ካለማወቅ የሚመጣ ነው፣ ያላወቀ ደግሞ ይማራል። ይህን ሥልጠና በኋላ የጨዋታ ሕክምና ባለሙያው ጋሪ ላንድሬዝ ወደ 10 ሳምንት አሳጠረው። በሳምንት ሁለት ሰዓት ለስድስት ወይም ለስምንት ወላጆች ትምህርት ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ወላጅ ከአንድ ልጁ ጋር በሳምንት አንዴ ለ30 ደቂቃ ይጫወታል።

እነዚያ 30 ደቂቃዎች በአማርኛ ቢሆኑ ይህን ይመስላሉ። እናት ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላለች። ፊቷ አንድ ካርቶን አለ፦ የሕፃን አሻንጉሊት፣ ጡጦ፣ የሐኪም ዕቃ፣ ስኒዎች፣ የፕላስቲክ ወታደሮች፣ ገመድ፣ ክሬዮን። ስልኳ ተዘግቷል። አታስተምርም፣ «ይሄ ምንድን ነው?» ብላ አትፈትንም፣ «ጎበዝ!» እንኳ አትልም፤ የምታየውን ብቻ ትናገራለች፦ «አሻንጉሊቱ በጣም አናዶሃል።» ልጁ ክሬዮኑን ይዞ ወደ ግድግዳው ሲዞር አትጮህበትም። «ማሙሽ፣ ግድግዳው ላይ መሣል እንዳማረህ አይቻለሁ። ግድግዳ ግን አይሣልበትም። እዚህ ወረቀት ላይ መሣል ትችላለህ» ትለዋለች። መጀመሪያ ስሜቱን፣ ቀጥሎ ወሰኑን፣ ከዚያ ሌላ መንገድ። እንዲህ ሲጻፍ ቀላል ይመስላል። እኛ ዘንድ ያደገ ሰው ግን ልጅን ሳይመክርና ሳያርም ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል፤ ለዚህም ነው የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች አሠልጣኙ እያየ የሚታረሙት።

ወላጅን ወደ ጨዋታው የማስገባቱ ነገር በዚያው ዘመን በሌሎች አቅጣጫዎችም ሄዷል። በ1967 ቺካጎ ውስጥ በአን ጀርንበርግ የተጀመረው ቴራፕሌይ መጫወቻ እምብዛም አይፈልግም፤ ማጉረስ፣ እጅ መቀባት፣ ዓይን ለዓይን መተያየት ይበቃዋል። ሺላ አይበርግ በ1970ዎቹ ባዳበረችው ዘዴ ደግሞ ባለሙያው ከመስተዋት ጀርባ ሆኖ፣ በእናትየው ጆሮ በተሰካ ማዳመጫ በሹክሹክታ ይመራታል።

መላው ቤተሰብ በአንድ ወረቀት ላይ ሲሠራ ምን እንደሚታይ ያሳየችው ፖላንዳዊቷ ቀራጺ ሃና ክዊያትኮቭስካ ናት። ከ1958 ጀምሮ በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ቤተሰቦችን ስድስት ሥዕል ታስላቸው ነበር፤ ከእነዚህ አንዱ ሁሉም ተስማምተው ከአንድ ሙጭርጭር መስመር የሚያወጡት የጋራ ሥዕል ነው። የማን መስመር እንደተመረጠ፣ ማን በማን ላይ ደርቦ እንደሣለ፣ ማን ጥግ ይዞ እንደቀረ ወረቀቱ ያሳብቃል። በ1975 ኤሊነር ኧርዊንና ኢሌን ማሎይ ቤተሰቡ የእጅ አሻንጉሊቶችን መርጦ ተረት ፈጥሮ እንዲያሳይ የሚያደርግ ዘዴ አሳተሙ፤ ኤልያና ጊል በ1994 መጽሐፏ በሰፊው አስተዋወቀችው። እዚህ ላይ ባለሙያው «አባትህን ለምን ትፈራለህ?» ብሎ አይጠይቅም። ጥንቸሏን «አንበሳው ሲመጣ የት ነው የምትደበቂው?» ይላታል፤ አባትም አንበሳውን እንደያዘ መልሱን ይሰማል።

ትዳር ውስጥ ያለው ታሪክ ከዚህ ይሳሳል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሥዕል ሕክምና ባለሙያዋ ሃሪየት ዋዴሰን ባልና ሚስትን ሳይነጋገሩ በአንድ ወረቀት ላይ አብረው እንዲሥሉ ታደርግ ነበር። ሌላው ዘዴዋ የበለጠ ድፍረት ይጠይቃል፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ምስል ሥለው ይለዋወጣሉ፣ የተቀበለውም በትዳር ጓደኛው ምስል ላይ ያሻውን እንዲያደርግ ይፈቀድለታል። የቤተሰብ ሕክምና ባለሙያዋ ቨርጂንያ ሳቲር ደግሞ ሰዎቹን ራሳቸውን እንደ ሐውልት ታቆም ነበር፤ አንዱ ተንበርክኮ፣ ሌላው ጣቱን ቀስሮ። ልኬት የመጣው ከማኅበራዊ ሥነ ልቦና ነው። በ2000 አርተር አሮን ጥንዶችን በእጅና በእግር አንጓ እርስ በርስ አስሮ፣ ትራስ በእጃቸው ሳይነኩ በመካከላቸው እንደያዙ፣ በፍራሽ ላይ እየዳሁ መሰናክል እንዲያልፉ አደረገ። ሰባት ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ሆኖም እነዚህ ጥንዶች ስለ ፍቅራቸው የሰጡት ምላሽ ቀለል ያለ ሥራ ከተሰጣቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን ወደ አሮን ክፍል የመጡት ተራ ጥንዶች እንጂ ለመፋታት የተቃረቡ አልነበሩም፤ ውጤቱን ለታመመ ትዳር መድኃኒት አድርጎ መሸጥ ትክክል አይደለም።

ሁሉም ዘዴ ለሁሉም ቤት አይሆንም፤ ይህን ማስጠንቀቂያ አንዳንድ አሠልጣኞች በችኮላ ያልፉታል። ባሏ የሚደበድባት ሴት በሥዕልም በአሻንጉሊትም በፊቱ ልቧን ከከፈተች፣ የተናገረችበትን ዋጋ የምትከፍለው ማታ ቤት ስትገባ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚፈለገው የእሷና የልጆቿ ደኅንነት ነው።

ወደ እኛ ስመጣ፣ የትዳር ጠብ የሚዳኘው በሽማግሌ ፊት በቃል ነው፤ ልጅ እዚያ አይጠራም። ውጭ አገር ያሉ ቤተሰቦቻችን ዘንድ ደግሞ ተገላቢጦሽ ይታያል። በእስራኤልም ሆነ በአሜሪካ ዕብራይስጡን ወይም እንግሊዝኛውን ቀድሞ የሚለምደው ልጅ ለእናቱና ለአባቱ አስተርጓሚ ይሆናል። የቤተሰብ ምክር በንግግር ብቻ ከተሰጠ የአሥር ዓመት ልጅ የአባቱን እፍረት ለማያውቁት ሰው ሊተረጉም ነው። አንድ ትልቅ ወረቀትና ቀለም ሲዘረጋ ግን አባት ያደገበትን ግቢ ሥሎ ልጁን ያስተምረዋል፤ በቤቱ ውስጥ የነበረው ቦታ ለዚያች ሰዓት ይመለስለታል።

አገር ውስጥም መነሻ አለ። በ2019 በታተመ ጥናት፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በከባድ የምግብ እጥረት የተኙ ሕፃናትን የሚያስታምሙ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር መጫወትን ተምረው ቤት ከገቡም በኋላ ክትትል ሲደረግላቸው፣ ልጆቹ በአካል እንቅስቃሴ መጠነኛ መሻሻል አሳይተዋል። ትዳር ላይ ያተኮረ ጥናት አልነበረም። ቢሆንም ችግር ያደቀቃት እናትም ከልጇ ጋር የምትጫወትበት ዘዴ ተምራ ልትሠራበት እንደምትችል ያሳያል።

ከዘረዘርኳቸው ሁሉ አንዱ ብቻ ቀድሞ ወደ አማርኛ ይመለስ ቢባል የላንድሬዝን የ10 ሳምንት ሥልጠና እመርጣለሁ። ውድ ዕቃ አይጠይቅም፦ የጨርቅ አሻንጉሊት፣ ልጆቹ ዕቃ ዕቃ የሚጫወቱባቸው ጣሳዎች፣ የሸክላ ጭቃ፣ አንድ ምንጣፍ። ስድስት ወይም ስምንት ሰው በየሳምንቱ ተገናኝቶ ጭንቀቱን መካፈል በማኅበርና በዕድር ለኖረ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። የሚጎድለው ወላጆች ሲጫወቱ ተመልክቶ በአክብሮት የሚያርም የሠለጠነ ሰው ነው፤ የሥነ ልቦና ትምህርት ክፍሎቻችን ገንዘብ ካገኙ በመጀመሪያ ሊያወጡት የሚገባው ለዚህ ነው።