ማርክ ቪቪየን ፎ፡ ልጆቹን ሳያሳድግ ሜዳ ላይ የቀረው አባት

ዕለቱ ሐሙስ ሰኔ 19 ቀን 1995 ዓ.ም. ነው። ቦታው ደግሞ የፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ፣ ዠርላንድ ስታዲየም። ካሜሩንና ኮሎምቢያ በኮንፌዴሬሽንስ ካፕ ግማሽ ፍፃሜ ተፋጠዋል። ፒየስ ንዲየፊ በ9ኛው ደቂቃ ባስቆጠራት ጎል ካሜሩን 1ለ0 እየመራች ነው። 72ኛው ደቂቃ ላይ ኳሷ ሌላ ቦታ እያለች፣ መሐል ሜዳው ክብ ውስጥ ብቻውን የነበረው ረጅሙ ባለ 17 ቁጥር ተጫዋች በድንገት ወደቀ።

ማንም አልነካውም፣ ማንም አልጠለፈውም። ቀድመው የደረሱለት ተጋጣሚዎቹ የኮሎምቢያ ልጆች ናቸው። «ሐኪም! ሐኪም!» በሚል ስሜት እጃቸውን እያወዛወዙ ተጣሩ። በቃሬዛ ከሜዳ ወጣ። ሐኪሞች ልቡን ለማስነሳት 45 ደቂቃ ያህል ታገሉ፤ አልሆነም። ጨዋታው ግን ቀጥሎ ስለነበር ካሜሩን በዚያችው አንድ ጎል አሸንፋ ለፍፃሜ አለፈች። የቡድን ጓደኞቹ ሞቱን የሰሙት ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ነው። ደስታቸው በአንድ አፍታ ወደ ለቅሶ ተለወጠ።

ማርክ ቪቪየን ፎ 28 ዓመቱ ነበር። ሚስትና ሦስት ልጆች ነበሩት።

የኳስ አፍቃሪው ፎን የሚያስታውሰው በዚያች አንድ ደቂቃ ነው። ስሙ ሲነሳ የሚታየን አወዳደቁ ነው። ይሄ ግን ለልጁ ትንሽ በደል ይመስለኛል። ፎ እኮ ከዚያች ደቂቃ በፊት 28 ዓመት ኖሯል፤ ያውም ዋንጫ በዋንጫ ሆኖ! እስቲ ዛሬ እሱን እናውራ።

ሁለት ክለቦችን በኩር ሻምፒዮን ያደረገ

ፎ የያውንዴ ልጅ ነው። በአገሩ ዝነኛ ክለብ በካኖን ያውንዴ ተጫውቶ፣ ገና በ19 ዓመቱ በ1994 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ዓለም ዋንጫ ላይ ለካሜሩን ተሰለፈ። ከዚያ መልስ የፈረንሳዩ ሌንስ ወሰደው። ሌንስ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የፈረንሳይ ሊግ ሻምፒዮን የሆነው በ1998 ሲሆን፣ የአማካይ ክፍሉ ጉልበት ፎ ነበር።

ዕድል ግን አንድ እጇን ስትሰጥ በሌላው ነሳችው። በዚያው ዓመት ማንቸስተር ዩናይትድ ሊወስደው ፈልጎ ሳለ፣ ለዓለም ዋንጫ ሲዘጋጅ እግሩ ተሰበረ። ዓለም ዋንጫውም ዝውውሩም አብረው ቀሩ። ሌላው ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ነበር። እሱ ግን አገግሞ በ1999 መጀመሪያ ዌስትሃም ገባ። በ2000 ወደ ሊዮን ተዛወረ። እዚያ ደግሞ ወባ ያዘውና ብዙ ጨዋታ አመለጠው። ከዚያም ተነሳ! ሊዮን በ2002 በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ሲያነሳ ፎ አብሮ ነበር። ሁለት ክለቦች፣ ሁለት የበኩር ዋንጫዎች።

በብሔራዊ ቡድንም የማይበገሩት አንበሶች በ2000 እና በ2002 የአፍሪካ ዋንጫን ተከታትለው ሲወስዱ መሐል ሜዳውን የያዘው እሱ ነው። ያቺን እጅጌ የሌላትን የካሜሩን ማሊያ ማን ይረሳታል? ሁለቱንም ፍፃሜዎች ያሸነፉት በመለያ ምት ነበር። ለአገሩ ብዙ ጊዜ ተሰልፎ 8 ጎል አግብቷል።

የመጨረሻዋን የክለብ ዓመት ያሳለፈው በውሰት በሄደበት ማንቸስተር ሲቲ ነው። ያኔ ሲቲ የዛሬው ሲቲ አይደለም፤ ገና ከታችኛው ዲቪዚዮን የወጣ፣ በኬቪን ኪገን የሚሰለጥን ቡድን ነው። ፎ በሊጉ 35 ጊዜ ተሰልፎ 9 ጎል አስቆጠረ። ለተከላካይ አማካይ 9 ጎል ቀላል አይደለም። ሚያዝያ 2003 እ.ኤ.አ. ሰንደርላንድን 3ለ0 ሲያሸንፉ ያገባት ጎል ደግሞ ታሪክ ሆና ቀረች። ሲቲ ወደ አዲሱ ስታዲየም ከመዛወሩ በፊት በአሮጌው ሜይን ሮድ ያገባት የመጨረሻ ጎል ያቺ ናት። 80 ዓመት ያህል የእነሱ ቤት የነበረውን ሜዳ በጎል የዘጋው ፎ ነው ማለት ነው።

ጓደኞቹ «ማርኮ» ይሉት ነበር። አብረውት የተጫወቱ ሁሉ የሚያነሱት ፈገግታውንና ረጋ ያለ ጠባዩን ነው። ባገኘው ገንዘብም ያውንዴ ላይ ታዳጊዎች የሚሰለጥኑበት የስፖርት ማዕከል ማስገንባት ጀምሮ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ባለቤቱ ሲሞት ማዕከሉም ወላጅ አልባ ሆነ። ሥራው ሳያልቅ ቆሞ ለአረም ተተወ።

ዋንጫው በሁለት አምበሎች እጅ

በዚያው ምሽት ፈረንሳይ ከቱርክ ጋር ሌላውን ግማሽ ፍፃሜ ተጫወተች። ቲዬሪ ኦንሪ ጎል ሲያገባ አልጨፈረም። ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ። ፎ ለዓመታት የተጫወተው በፈረንሳይ ክለቦች ነውና ለብዙዎቹ የፈረንሳይ ተጫዋቾች የሩቅ ሰው አልነበረም። ደግሞም የሞተው በባዕድ ሜዳ አይደለም፤ ዠርላንድ ሻምፒዮን የሆነበት የገዛ ክለቡ የሊዮን ሜዳ ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ ፍፃሜው ተካሄደ። የካሜሩን ተጫዋቾች የጓደኛቸውን ስም ለብሰው ወጡ። በተጨማሪ ሰዓት ኦንሪ ባገባት ወርቃማ ጎል ፈረንሳይ 1ለ0 አሸነፈች። ዋንጫው ሲሰጥ ግን አሸናፊና ተሸናፊ አልተለየም። የፈረንሳዩ አምበል ማርሴል ዴሳዪ የካሜሩኑን አምበል ሪጎበርት ሶንግን ጠርቶ ዋንጫውን አብረው ያዙ፤ ትልቁ የፎ ፎቶም አብሯቸው ነበር። የውድድሩ ሦስተኛ ኮከብ ተጫዋች ሽልማትም ለሟቹ ተሰጠ። አስከሬኑ ያውንዴ ሲደርስ ካሜሩን በመንግሥት ደረጃ ቀበረችው።

ሲቲ 23 ቁጥርን፣ ሌንስ 17 ቁጥርን ለሌላ ሰው እንዳይሰጡ ወሰኑ። በፈረንሳይ ሊግ ለሚጫወተው ምርጥ አፍሪካዊ በየዓመቱ የሚሰጠው ሽልማትም ከ2011 ጀምሮ በስሙ ይጠራል።

ከሁሉም በላይ ልብ የሚነካው ግን በ2009 የሆነው ነው። ኮንፌዴሬሽንስ ካፕ ደቡብ አፍሪካ ላይ ሲካሄድ የፎ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ተደረገ። በታዳጊነት ዕድሜ ላይ የነበረ ወንድ ልጁ ወጥቶ በተመልካች ፊት ስለ አባቱ ተናገረ። ሽልማትም ማሊያም መንገድም በስም ይሰየማል፤ አባትን ግን የሚተካ የለም።

ልቡን ምን ነካው?

ምርመራው እንዳሳየው ፎ የልብ ጡንቻ ከመጠን በላይ የሚወፍርበት ችግር ነበረበት። ይሄ ችግር ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም። ሰውየው ይሮጣል፣ ይዘላል፣ 90 ደቂቃ ይጨርሳል፤ አንድ ቀን የልቡ ምት ይዘበራረቅና ይወድቃል። ሌላው ከባዱ ነገር በዘር መተላለፉ ነው። አባት ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች አንድ ሰው በዚህ ሲያዝ ልጆቹና ወንድም እህቶቹ ሁሉ በኢ.ሲ.ጂ. እና በልብ አልትራሳውንድ እንዲታዩ ይመክራሉ።

ከፎ በኋላም ሜዳ ላይ አባቶች ወድቀዋል። የሴቪያው አንቶኒዮ ፑዬርታ በ2007 ሲሞት 22 ዓመቱ ነበር፤ ልጁ የተወለደው ከቀብሩ በኋላ ነው። ግን ለውጥም መጣ። ፊፋ ከ2006ቱ ዓለም ዋንጫ ጀምሮ ተጫዋቾች ከውድድር በፊት የልብ ምርመራ የሚያደርጉበትን አሠራር አስጀመረ። በ2021 የሁለት ልጆች አባት የሆነው ክሪስቲያን ኤሪክሰን ኮፐንሃገን ላይ እንደ ፎ ሲወድቅ፣ ሐኪሞች ወዲያው እዚያው ሣሩ ላይ ደረቱን ተጫኑ፤ ዲፊብሪሌተር በሚባለው ልብን በኤሌክትሪክ በሚያስነሳው መሣሪያም መለሱት። በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ላይ ስሎቬንያ ላይ ጎል አገባ! በፎና በኤሪክሰን መካከል ያሉት 18 ዓመታት ያስተማሩት ይሄንን ነው፤ ልብ ሲቆም እያንዳንዷ ደቂቃ የመትረፍ ዕድልን ከ7 እስከ 10 በመቶ ትቀንሳለች።

እኛስ?

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። እሁድ ጠዋት የጤና ቡድን የሚጫወቱትን አባቶች አስቧቸው። ሳምንቱን ሙሉ ወንበር ላይ ውለው፣ እሁድ እንደ 20 ዓመት ወጣት የሚሮጡትን። አንዱ «ደረቴን ያዝ አደረገኝ» ሲል መልሳችን ምንድነው? «ውሃ ጠጣ፣ ያልፍልሃል» ነው። ወይም «አርጅተሃል ማለት ነው» ብለን መሳቅ። ሰው ሲወድቅ ደግሞ ውሃ መድፋትና ክብሪት ማሽተት እንጂ ደረት መጫን የሚያውቅ ስንት ነው?

በሩጫ መሐል ራሱን ለሳተ፣ ደረቱን ለወጋው፣ ከቤተሰቡ በወጣትነት በድንገት የሞተ ሰው ላለበት፣ ኳሷ ትቆየውና መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ቡድኑም ለማሊያ ከሚያዋጣው ብር ቀንሶ ሁለት ልጆች የመጀመሪያ እርዳታ እንዲማሩ ቢያደርግ ኪሳራ የለውም። ሰው ወድቆ ካልመለሰና ካልተነፈሰ አምቡላንስ እየጠሩ የደረቱን መሐል በሁለት እጅ በደንብ፣ በፍጥነት፣ ሳያቋርጡ መጫን ነው። ይሄንን ለመማር ግማሽ ቀን ይበቃል።

ፎ ሜይን ሮድን በጎል ዘግቶ፣ ሁለት ክለቦችን ሻምፒዮን አድርጎ፣ ለአገሩ ሁለት የአፍሪካ ዋንጫ አምጥቶ ሄዷል። ሦስቱ ልጆቹ ግን ይፈልጉት የነበረው ዋንጫውን ሳይሆን ከጨዋታ በኋላ በር የሚያንኳኳውን አባት ነው። እሁድ ጠዋት ታኬታችሁን ይዛችሁ ስትወጡ እናንተንም ቤት ሆኖ የሚጠብቅ አለ።